ዝም ያለ ልጅ ሁሉ አልተኛም

በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይንቀሳቀስም፣ አያለቅስም። ወላጅ “እፎይ፣ ተኝቷል” ይላል። ዝምታው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ሐኪሞች ይህን የተማሩት ደግሞ በሕፃናት ስቃይ ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

1952፣ ኮፐንሃገን። ከተማዋን ፖሊዮ እያመሳት ነው። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ትንፋሿ ሊቆም ለደረሰ የ12 ዓመት ልጅ፣ ጉሮሮዋ ተበስቶ በገባ ቱቦ አየር ሊሰጣት ሞከረ። ልጅቷ ተጨንቃ ታገለች፤ አየሩ አልገባ አለ። ፔንቶታል የተባለ ማስተኛ ሲሰጣት ትግሏ ቆመ፣ አየሩም ገባ፤ ተረፈች። ከዚያማ 1,500 ያህል ተማሪዎች በየተራ ለሕሙማኑ በእጃቸው አየር ሲሰጡ ከረሙ። የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል መነሻው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዝምታ ከኩራሬ የመጣ ነው፤ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ከሚነክሩበት መርዝ። ጡንቻን ሽባ ያደርጋል። በ1942 ሞንትሪያል ላይ ወደ ቀዶ ሕክምና ገባ። አእምሮንስ ያደነዝዛል? ስኮት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ራሱን አስወግቶ ውጤቱን በ1947 አሳተመ። ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም፤ ግን ሁሉን ይሰማ ነበር፣ ሕመሙንም ጭምር።

እንግዲህ ይህ እየታወቀ፣ በ1980ዎቹም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ብዙ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ፣ በጡንቻ ማሽመድመጃ ዝም ተደርገው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። “ማደንዘዣውን አይችሉትም፤ ሕመምም ብዙ አይሰማቸውም” ይባል ነበር። በ1985 በአሜሪካ አንድ ጨቅላ እንዲህ ተደርጎ ልቡ አካባቢ ተሠራለት፤ ከሳምንታት በኋላ ሞተ። እናቱ እውነቱን የሰማችው ኋላ ነው። ዝም አላለችም፤ ጻፈች፣ ጮኸች፣ ጋዜጣ ላይ አወጣችው። በ1987 ደግሞ ዶክተር አናንድና ባልደረቦቹ ከኦክስፎርድ ላንሴት መጽሔት ላይ ማስረጃ አወጡ፦ ፈንታኒል የተጨመረላቸው ሕፃናት ሰውነት የተጨነቀው በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የገጠማቸው ችግር ያነሰ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ “ማደንዘዣ ይሰጣቸው” አለ።

ተማሪዎቼ፣ መጀመሪያ ማስተኛና የሕመም ማስታገሻ፣ ማሽመድመጃው ከዚያ በኋላ፤ እሱም የግድ ሲሆን ብቻ የምንለው ለዚህ ነው። የተሽመደመደ ልጅ “አመመኝ” ሊላችሁ አይችልም እኮ! የልቡን ምት፣ የደም ግፊቱን፣ ዓይኑ ጥግ ያለችውን እንባ እዩ። ወላጆችም “መድኃኒቱ የሚያስተኛ ነው ወይስ ጡንቻ የሚያስር?” ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።