ከነፋሱ በፊት ዘሩ፦ የ1970ው የአሜሪካ የበቆሎ በሽታ



የሞቃት አገር የበቆሎ በሽታዎች ወደ ቀዝቃዛው ስፍራ መዛመታቸውን ስንናገር ምክንያቱን ሁሉ ለአየሩ መስጠት ይቀናናል። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት እንዲሁ ነበር። ዛሬ ያንን ትምህርቴን ላርም እወዳለሁ፤ ማስረጃዬም እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የሆነው ነው።

የደቡብ ቅጠል አድርቅ ልንለው የምንችለው የፈንገስ በሽታ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የሞቃቱና የእርጥቡ ደቡብ ነዋሪ ነበር፤ የሰሜኑ ገበሬ እምብዛም አይፈራውም። በዚያ ዓመት ግን ከፍሎሪዳ ተነሥቶ፣ እርጥብ ነፋስ እየተሸከመው፣ በአንድ የሰብል ወቅት ኢሊኖይንና አዮዋን አዳርሶ እስከ ዊስኮንሲን ዘለቀ። ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ፤ በደቡብ ማሳው ፈጽሞ የወደመበት ገበሬም ነበር።

አየሩ ረድቶታል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በዚያው ዝናብ ሥር የቆየው ዓይነት በቆሎ የተዘራበት ማሳ በአብዛኛው ተርፏል። ልዩነቱ የእናት ዘሩ ነበር። ዲቃላ ዘር ለማባዛት የእናቲቱን ተክል ወንዴ አበባ በእጅ መንቀል ያስፈልጋል፤ ሥራው አድካሚ፣ ወጪውም ከባድ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የተገኘ፣ ወንዴ አበባው መካን የሆነ በቆሎ ይህን ድካም አስቀረ። መካንነቱ የሚወረሰው በእናት በኩል፣ በሳይቶፕላዝም ነውና፣ በ1970 ከአገሪቱ በቆሎ 85 በመቶ ያህሉ የአንዲት እናት ልጅ ሆኖ ነበር። ቲ የተባለው የፈንገሱ ዝርያ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ለይቶ የሚያጠቃው ይህንኑ ሳይቶፕላዝም ነው። ማስጠንቀቂያም አልጠፋም፤ የፊሊፒንስ ተመራማሪዎች የዚህን በቆሎ ተጋላጭነት በ1961 ጽፈውት ነበር። የሩቅ ደሴት ጉዳይ ተደርጎ ታለፈ።

ሁሉም በሽታ በዚህ መንገድ አልተጓዘም። እ.ኤ.አ. በ1904 በሜክሲኮ የተመዘገበውና በቅጠል ላይ የሬንጅ ጠብታ የሚመስል ጥቁር ነጥብ የሚያወጣው በሽታ በ2015 ኢሊኖይና ኢንዲያና ላይ ሲታይ፣ ቀድሞውኑ ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ ደጋ የለመደ ነበር። የበረዶውን ወራትም በማሳ በቀረ አገዳ ላይ ሆኖ ያልፋል። እንዲህ ያለውን በሽታ ሙቀት አመጣው ማለት ይከብዳል።

በእኛም አገር በቆሎ ወደ ደጋው እየወጣ ነው፤ አምቦ ላይ ለዚሁ የሚሆኑ ዲቃላዎች ተገኝተዋል። ከምርምር ሰዎች ጋር ስንገናኝ አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሙቀት አይደለም፤ ለገበሬው የሚታደለው ዘር ከስንት እናት እንደተወለደ ነው።

አሜሪካውያኑስ? ዘር አምራቾቹ ወደ ቀድሞው ሳይቶፕላዝም ተመለሱ፤ ወጣቶችም ወንዴ አበባ በእጃቸው ሊነቅሉ ዳግም በየማሳው ተሰማሩ።