«የሞስ እንስሳት»? ዳንቴል እያለልን!

ባለፈው ወር አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአርትዖት እጄ ገባ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «የሞስ እንስሳት ከጥንት ጀምሮ በባሕር ይኖራሉ» ይላል። ሞስ ማን ነው? መጀመሪያ የአገር ስም መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲገባኝ ተናደድኩ፤ ተርጓሚው የብራዮዞዋን የእንግሊዝኛ የወል ስም ግማሹን ተርጉሞ ግማሹን እንዳለ ትቶታል። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ስም በሁለት ቪዲዮዎች ግርጌ ተጽፎ አየሁት። ሥር ሳይሰድ ብንነቅለው ይሻላል።

ስለ ፍጥረቱ ብዙ አልልም። እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ ከሚሊሜትር የማይበልጡ፣ አብዛኞቹ በባሕር የሚኖሩ፣ በመቶና በሺህ ተያይዘው ዓለትና ቅርፊት ላይ ብዙውን ጊዜ የኖራ ቤት የሚሠሩ እንስሳት ናቸው። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች 6,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ቅሪተ አካላቸው 480 ሚሊዮን ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል።

«ብራዮዞዋ» የሚለውን ስም ያወጣው ጀርመናዊው ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1831። ሰውየው ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጓደኛው ከሄምፕሪሽ ጋር ቀይ ባሕርን ሲያስስ ቆይቶ፣ ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶበታል። «ብርዮን» በግሪክኛ ክረምት ሲገባ የድንጋይ አጥር የሚለብሰው፣ አንዳንዶች ሳረንስት፣ እንግሊዞች ሞስ የሚሉት አረንጓዴ ነገር ነው፤ «ዞኦን» ደግሞ እንስሳ። አየርላንድ የነበረው ቶምሰን ግን አንድ ዓመት ቀድሞ በ1830 «ፖሊዞዋ» ብሏቸው ነበር፤ ብዙ እንስሳ ማለት ነው። እንግሊዞች ለረጅም ጊዜ የሙጥኝ ያሉት ይህንኛውን ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ስም እኛ ቃል በቃል የምንገለብጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ግእዝ ወዳጁ ባልደረባዬ «ብዝኀ እንስሳ» ይሻላል ይላል። ያምራል፤ ግን ከ«ብዝኀ ሕይወት» አጠገብ ሲቆም ተማሪ ያምታታል። «መረብ»ን እንዳንወስድ ኢንተርኔት ቀድሞናል። «ጥልፍ» ያለኝም አለ፤ ጥልፍ ግን ጨርቅ ላይ የሚሠራ ነው፣ የዚህ ፍጥረት ውበት ደግሞ ቀዳዳው ላይ ነው።

የእኔ ምርጫ «የባሕር ዳንቴል» ነው። በየሳሎኑ ሶፋና ቴሌቪዥን ላይ ተነጥፎ ያደግንበት፣ እናቶቻችን በኪሮሽ የሠሩት ዳንቴል ክሩ ብቻ ሳይሆን ባዶውም ተቆጥሮ የሚሠራ ነው። ፌኔስቴላ የሚባለውን ጠፊ ወገን በድንጋይ ላይ ያየ ሰው ሌላ ቃል አይመጣለትም። የላቲኑ ስም ራሱ «ትንሽ መስኮት» ማለት ነው፤ እንስሳቱ ምግባቸውን አጥልለው ካስቀሩ በኋላ ውኃው በእነዚያ መስኮቶች ያልፋል።

የፌኔስቴላ አስተኔ አባል የሆነው አርኪሜደስ ነው ክርክሬን የሚያግዝልኝ። ክፍለ ስፍኑ ብራዮዞዋ፣ መደቡ ስቴኖሌማታ፣ ክፍለ መደቡ ፌኔስትራታ። ዳንቴሉ በመሐል ምሰሶ ዙሪያ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይወጣል። ሲሞት ስሱ ዳንቴል ተሰባብሮ ይበተናል፤ ጠንካራው ምሰሶ ይቀራል። በኬንታኪና በኢሊኖይ የኖራ ድንጋይ ውስጥ፣ ከ330 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከነበረ ባሕር ወለል የሚገኘው በአብዛኛው ይኸው ብሎን መሳይ ምሰሶ ነው። የሥጋ መፍጫ ከፍቶ ያጠበ ሰው መሐል ላይ የሚዞረውን ብረት ያስታውስ። ጂኦሎጂስቱ ዴቪድ ዴል ኦወንም በ1838 ውኃ መሳቢያውን ጠመዝማዛ አስቦ የጥንቱን ግሪካዊ ሊቅ የአርኪሜደስን ስም ሰጠው። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከደረሰው ታላቅ እልቂት ወዲህ ያለው ድንጋይ ውስጥ አይገኝም።

የወገን ስም አይተረጎምምና «አርኪሜደስ» እንዳለ ይቀመጥ። ማብራሪያው ግን «ባለ ብሎን የባሕር ዳንቴል» ቢሆን፣ የጠፋውንም የተረፈውንም ይይዛል። ረቂቁን እንደዚያ አርሜ መለስኩት። ተርጓሚው በማግስቱ ደወለ።

«ጋሼ፣ ዳንቴል እኮ ፈረንሳይኛ ነው። ጥርስ ከሚለው ነው የመጣው።»

«ብሎንስ?» አልኩት።