ስለ ወይባና ስለ መንከር ቃል

በኢትዮጵያ ገዳማት መናንያንና ባሕታውያን የሚለብሱት ቢጫ ልብስ ወይባ ይባላል። ወየበ ማለት ንጣቱን ትቶ ወደ ቢጫነት አዘነበለ ማለት ነው፤ ስለዚህም የወየበ ጥርስ፥ የወየበ ብራና ይባላል። ወይባ የሚባል ዛፍም አለ፤ እናቶች ጢሱን ይሞቁታል፥ ጢሱም ገላን ያወይባል። እንግዲህ የልብሱ፥ የመልኩና የዛፉ ስም አንድ ሆኖ ይኖራል።

ልብስን መልክ ስለ መስጠት ግን አማርኛ ሦስት ግሦች አሉት፤ ነከረ፥ አቀለመ፥ ቀባ። ነከረ ያለ ሰው ነገሩን በፈሳሽ ውስጥ አግብቶ ፈሳሹ እስኪዘልቀው ማቆየትን ይናገራል። አቀለመ ያለ ግን መልክ መስጠቱን ብቻ ይናገራል። ቀባ የሚለው ከላይ የሚደረገውን ያመለክታል፤ ግድግዳ ይቀባል፥ ፈትል ግን ይነከራል እንጂ አይቀባም።

ቀለም የሚለው ስም ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በጽርእ ካላሞስ መቃ ነው፥ ከመቃውም የሚቀረጸው የጽሕፈት ብርዕ ነው። ዐረቦች ቀለም ብለው ለብርዑ ያዙት፤ በግዕዝ ግን ብርዕ የራሱ ስም ስላለው ቀለም የሚጻፍበት ፈሳሽ ሆነ። ከዚያም በአማርኛ የመልክ ሁሉ ስም ሆነ፥ ትምህርትም ጭምር የቀለም ትምህርት ተባለ። ስለዚህ በኵዌት ከተማ ወይም በሳልሚያና በሐወሊ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዐረብኛ ቀለም ቢጠይቅ የሚሰጡት ብርዕ ነው። የሚፈልገው የልብስ ወይም የግድግዳ ቀለም ከሆነ ጸበገ ከሚለው ግሥ የወጣውን ቃል መናገር ይገባዋል፤ ጸባግ የሚባለውም ነካሪውም ቀቢውም ነው።

ይህ ግሥ ከሴም ቋንቋዎች ጥንታዊ ቃላት አንዱ ነው። በሶርያ ቋንቋ ጸብዐ ነከረ፥ አቀለመ ማለት ነው፤ በዕብራይስጥም በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 5 ቍጥር 30 የቀለም ልብስ የተጠራው በዚሁ ሥር ነው። በኵዌት ደሴት በፈይለካ፥ አል ቁሱር በሚባለው ስፍራ፥ የጥንት ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ተገኝቷል። የምሥራቅ ሶርያውያን ቤተ ክርስቲያን በዚያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻዎች ሁሉ ስለ ነበረች፥ ይህ ግሥ በዚያ አገር ለክርስቲያኖች እንግዳ አልነበረም። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንትም ጽብጋ የሚለውን ሲፈቱ የክርስቲያኖችን ጥምቀት ይጠቅሳሉ። በጽርእም ባፕቶ ነከረ፥ አቀለመ ነው፤ ባፕቲዞ፥ አጠመቀ የሚለው፥ ከእርሱ ይወጣል።

የነካሪዎች ሥራ በኵዌት ፈጽሞ አልጠፋም። የበረሃው ሴቶች የሱፍ ፈትል በየመልኩ ነክረው የሚሠሩት ሳዱ የተባለው ሽመና በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ በኵዌት ከተማም የሳዱ ቤት ይጠብቀዋል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1856 ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ ወዲህ በዓለም ሁሉ የቅጠልና የሥር ቀለም ለፋብሪካ ቀለም ስፍራውን ለቀቀ። በኢትዮጵያም ዛሬ ከገበያ የተገዛ ቢጫ ጨርቅ ወይባ ይባላል፤ ሥራው ቢለወጥ ስሙ ቆይቷል።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ለመምህራን ነው። በዐረብ አገር የተወለደ ሕፃን ስለ ጥምቀት ሲጠይቅ፥ ጸባግ ሲባል የሚያስታውሰው ግድግዳ ቀቢውን ነው፤ እንደዚያ ከተረዳው ምሥጢሩ የላይ ቅብ ይመስለዋል። የቃሉ የቀድሞ ፍቺ ግን ውስጥ ድረስ የሚዘልቀው ነው፤ የተቀባ ይፋቃል፥ የተነከረ ፈትል ግን ቢቆረጥም መልኩ በውስጡ ይታያል። ወይባ የለበሰ መነኩሴም ልብሱን ባየ ጊዜ ይህን ያስባል፤ ምንኵስናው የላይ ቅብ እንዳይሆን ይጠነቀቃልና።