ከኤላው እስከ ፕሌይስቴሽን ቤቱ፦ ስለ «ኔትወርክ» የኔ ሐሳብ

የዛሬዋ ረዘም ትላለች፤ ቡና ያላችሁ ቀድታችሁ አንብቡ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ነገሩን ራቅ ካለ ቦታ ጀምሬ ነው የማመጣው።

እዚህ ነጌሌ ሰሞኑን ሁለት ወሬ ይደጋገምብኛል። አንደኛው «ኔትወርክ የሌለው ነጋዴ አያድግም» የሚለው ስልጠና ነው። አዳራሽ ተከራይተው ቢዝነስ ካርድ ስለ መለዋወጥና ከማታውቀው ሰው ጋር ፈገግ ብሎ ስለ መተዋወቅ ያስተምራሉ። ሁለተኛው የወላጆች ምሬት ነው፤ «ፕሌይስቴሽን ቤት ልጆቻችንን ጨረሰብን፣ ይዘጋልን» ይላሉ። ሁለቱ ወሬዎች የሚገናኙ አይመስሉም። እኔ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው ባይ ነኝ።

እስቲ ከኤላው እንጀምር። ቦረና ውስጥ «ቱላ» የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ፤ ዘጠኙ ቱላዎች ይባላሉ። ከታች እስከ ላይ ሰው ተደርድሮ፣ እየዘፈነ፣ ውኃውን በእቃ እየተቀባበለ ያወጣል። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስይዝ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው አለ። እዚያ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ የሚለግም ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ ከበላዩም ከበታቹም ያለው ሰው እጁን እያየ ነውና።

ከብቱም ከሀብትነት በላይ ነበር። «ደበሬ» የሚባለውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ላም ያለው ለሌለው የምትታለብ ላም ይሰጣል፤ ተቀባዩ ወተቱን ይጠጣል፣ ላሟና ጥጃዋ ግን የባለቤቱ ናቸው። ድርቅ ወይም ዘረፋ ከብቱን የጨረሰበትን ሰው ደግሞ ጎሳው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል፤ ይሄ «ቡሳ ጎኖፋ» ነው። ኔትወርክ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። ወረቀት ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ሳይሆን፣ በሰው በረት ውስጥ የቆመች ላም።

ንግዱም እንደዚሁ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከቦረና ምድር ወደ ሉቅ፣ ከሉቅም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ሲወርድ፣ በማያውቀው አገር ብቻውን አይገባም። ሶማሌዎች «አባን» የሚሉት ሰው ያስፈልገው ነበር። አባን እንግዳውን ነጋዴ ያሳድራል፣ ይጠብቃል፣ ያገበያያል፣ አንድ ነገር ከደረሰበትም ተጠያቂ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ ሐረር ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አባን በሰፊው ጽፏል። ልብ በሉ፣ አባን ለመሆን ሀብት ብቻ አይበቃም። ሰው ሲቸገር ምን እንደምታደርግ የታየህ መሆን አለብህ።

ግንኙነት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣም ይችው የኛ ከተማ ታሪክ አላት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነጌሌ የነበረው 4ኛ ብርጌድ አመፀ። መነሻው ምግብና ውኃ ነው። የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይጠጡ ከለከሏቸው። ነገሩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥም ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ለሌሎች ክፍሎች ተዳረሰ፤ በወሩ አስመራ ያለው ጦር ተነሳ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ንጉሡ ወረዱ። እንግዲህ አስቡት፣ ይሄ ሁሉ የሆነው ኤላ በተራ በሚጠጣበት አገር ነው። መኮንኑና ወታደሩ በማዕረግ በደንብ ይተዋወቁ ነበር። አንድ ጉድጓድ ግን አብረው አልጠጡም።

አሁን ወደ ጨዋታው ልምጣ። አያቶቻችን ሰው የሚለኩበት ሌላም ቦታ ነበራቸው፤ እሱም ጨዋታ ነው። ገበጣ በመላው ኢትዮጵያ አለ፤ ቦረናዎች «ሰዴቃ» ይሉታል። መሬት ተጭሮ፣ ጠጠር ተለቅሞ ዛፍ ጥላ ስር ይጀመራል። ወጪ የለውም። የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚያየው፣ የሚመክረው፣ የሚያሾፈው ግን ብዙ ነው። ማን ጠጠር እንደሚሰርቅ፣ ማን ሲሸነፍ እንደሚቆጣ፣ ማን ደግሞ አስቦ እንደሚጫወት ሁሉም ያያል። በነጋታው ገበያ ላይ ያ ሰው «በሬውን በዱቤ ስጠኝ» ቢል፣ የሚሰጠው ሰው ባሕሪውን ያውቀዋል።

ትልልቆቹም ይጫወቱ ነበር። የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እንደሚወዱ በ1800ዎቹ መጀመሪያ የጎበኛቸው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። የኛ ሰንጠረዥ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለው። ጅማሬው «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ! የዛሬ ልጅ ይሄን ቢሰማ «ይሄማ ጌም ነው» ይል ነበር። ጨዋታን ተራ ነገር አድርጋችሁ የምታዩ ካላችሁም፣ ኔንቲዶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ውስጥ በእጅ የተሠራ የካርታ መጫወቻ እየሸጠ ነው የተነሳው። ፕሌይስቴሽን 2 ብቻውን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ወደ ነጌሌ እንመለስ። ፕሌይስቴሽን ቤት እኔ እገባለሁ። አዎ፣ መምህር ሆኜ። ልጆቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ይረሱኛል (ኳሱ ላይ ደግሞ ያለ ርህራሄ ያሸንፉኛል)። ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዱ ወንበር ላይ የጉጂ ልጅ፣ አጠገቡ የቦረና፣ ከጎኑ የሶማሌ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ የባለሱቁ የጉራጌ ልጅ። ባለፉት ዓመታት በዚህ ቆላ፣ በሞያሌም በሌላውም፣ በጎሳ ስም ስንት ሰው እንደሞተና እንደተፈናቀለ የምታውቁት ነው። እነዚህ ልጆች ግን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በአንድ ስክሪን ይጮሃሉ። ሕጉም አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል። ሳይከፍል የሚሸሽ ልጅ በሳምንቱ የሚያጫውተው አያገኝም። እና ይሄ ከሰዴቃው ዛፍ ጥላ በምን ይለያል?

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ ሰው ሥራ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በቅርብ ዘመድ ሳይሆን አልፎ አልፎ በሚያገኘው ሰው በኩል ነው ብሎ ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ዘመድህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሌላ ሰፈር ነው። አንድ ተማሪዬ በዚያ ቤት ከተዋወቀው የነጋዴ ልጅ ጋር ሆኖ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍየል ያደልላል። ሁለቱን ያገናኘ ስልጠና የለም።

ይሄን ሁሉ የምለው ለምን መሰላችሁ? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፏል፤ ገናውም ሀገያውም ቀረ። የቦረና ከብት አለቀ። ከብቱ ሲያልቅ ወተትና ሥጋ ብቻ አይደለም የቀረው። ደበሬ የሚሰጥ ጠፋ፤ ቡሳ ጎኖፋም ሁሉም እኩል ሲደኸይ አቅም ያንሰዋል። አያቱ በአምስት መንደር ላም የነበረው ልጅ ዛሬ ከተማ ገብቶ ማንንም አያውቅም። ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. የጋራ የድንበር ኬላ ተመርቋል፤ ጥሩ ነው። ግን ኬላው ቢከፈት፣ ወዲያ ማዶ የሚያምነው ሰው የሌለው ልጅ ምን ይዞ ይሻገራል?

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤቱን አትዝጉ። በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይግባ፣ እሺ፤ እኔም በሩ ላይ እቆማለሁ። ከቤቲንግ ቤት ጋር ግን አታምታቱት። ቤቲንግ ላይ ያሸነፈህን ሰው ፊቱን አታየውም፣ አታውቀውም፣ ነገም አይጠብቅህም። ብርህ ይሄዳል፣ ሰው አታገኝም።

የጎደለው ነገር አዋቂ ሰው ነው። ሰዴቃ ጨዋታ አጠገብ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር፤ ይስቃል፣ ይገስጻል፣ «ይሄ ልጅ ይታመናል» ብሎ ስም ያወጣል። የዛሬው ቤት ውስጥ ያሉት ልጆች ብቻ ናቸው፤ የነሱን ታማኝነት አይቶ ለገበያው የሚመሰክር ሰው የለም። ነጋዴዎች፣ ስልጠና ላይ የምታጠፉትን ግማሽ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ አሳልፉት። ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያጭበረብር፣ ማን ተሸንፎ እንደሚስቅ እዩ። ሱቃችሁን የሚጠብቅ፣ በጋችሁን ዱብሉቅ ገበያ ወስዶ ብሩን የሚመልስ ልጅ እዚያ ተቀምጧል።

አባቶች ደግሞ፣ አንድ ቀን ገብታችሁ ከልጃችሁ ጋር ተጫወቱ። ትሸነፋላችሁ። ሒሳቡን ግን ክፈሉ፤ ልጁ የሚያየው እሱን ነው።

መልካም ቅዳሜ ይሁንላችሁ።