የታይላንድ የጡረታ ቪዛ፣ በጉዳይ አስፈጻሚ ወይስ በራስ?

ባንኮክን አብዛኞቻችን የምናውቃት በበሽተኛ በኩል ነው። "ለሕክምና ባንኮክ ሄዷል" ሲባል ሳይሰማ የኖረ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ታሞ ሳይሆን ጡረታ ወጥቶ፣ ለመታከም ሳይሆን ለመኖር ወደዚያ ስለመሄድ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካና አውሮፓ ኖረው ዜግነታቸውን የቀየሩ ዘመዶቻችን ናቸው። ሕግ ተምሬያለሁና የዓለምን ሕግ ሁሉ የማውቅ ይመስላቸዋል።

ከእነዚህ አንዱ የታላቅ ወንድሜ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ "ጋሼ" ነው የምለው። ዋሽንግተን አካባቢ ሠላሳ ዓመት ግድም ሠርቶ፣ 62 ዓመት ሲሞላው ጡረታውን አስከበረ። ከዚያ በፊት እህቱን ለማሳከም ባንኮክ በሄደ ጊዜ በሰሜን ታይላንድ የምትገኘውን ቺያንግ ማይን አይቶ ወዷት ነበር። "ለምን አገርህ አትገባም?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ገብቶ መኖር እንደሚችል እሱም ያውቃል። መልሱን ከደም ግፊቱ ጀምሮ ወደ ልቡ ሲሻገር አልተከራከርኩትም።

አንድ ቀን አንድ ገጽ ውል ላከልኝ። ያዘጋጀው ቺያንግ ማይ ያለ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ሁለት ሐሳቦች ተሰምሮባቸዋል፦ የባንክ ተቀማጭ አያስፈልግም፤ ኢሚግሬሽን ቢሮ በአካል መቅረብ አያስፈልግም። ዋጋው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ባህት ነው። "እስቲ በሕግ ዓይን እየውማ" አለኝ። አየሁት። ሁለቱም "አያስፈልግም" የሚሉት ቃላት በታይላንድ ሕግ ውስጥ የሉም።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የታይላንድ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። (በእነሱ ቡድሂስታዊ አቆጣጠር ዓመቱ 2522 ነው፤ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ እነሱ አምስት መቶ ወደ ፊት! የሐበሻ የጋብቻ ወይም የልደት ወረቀት ለታይላንድ ሹም የሚያስተረጉም ሰው ሦስት ዘመን እንደሚያስታርቅ ይወቀው።) በዚህ ሕግና እሱን ተከትለው በወጡ የፖሊስ ትእዛዞች መሠረት 50 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ በጡረተኝነት በየዓመቱ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ሥራ መሥራት ግን አይፈቀድለትም።

መግቢያው ሁለት ነው። አንደኛው "ኦ-ኤ" የሚባለው ቪዛ ሲሆን የሚጠየቀው ከታይላንድ ውጭ ሆኖ ነው። ለዚህ የፖሊስ ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀትና የጤና መድን ይጠየቃል። መድኑ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2019 መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን፣ በኋላ መጠኑ ወደ 3 ሚሊዮን ባህት ከፍ ብሏል። ደም ግፊት ያለበት የ62 ዓመት ሰው ይህን መድን በቀላል ዋጋ አያገኝም። የአሜሪካው ሜዲኬር ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሕክምና በአጠቃላይ አይከፍልም። ሁለተኛው መንገድ በቱሪስትነት ገብቶ እዚያው "ኖን ኢሚግራንት ኦ" ወደሚባለው የ90 ቀን ቪዛ መቀየር፣ ከዚያም አንድ ዓመት ማስረዘም ነው። በዚህ በኩል ለጡረታ መድን አይጠየቅም። ብዙ ሰው የሚመርጠውም ይህንኑ ነው፤ ጋሼም የመረጠው እሱን ነበር።

ገንዘቡ ላይ ነው ነገሩ የሚከርረው። አመልካቹ በታይላንድ ባንክ በራሱ ስም 800,000 ባህት ሊኖረው ይገባል፤ እንደ ምንዛሪው ውሎ ከ22,000 እስከ 26,000 ዶላር መሆኑ ነው። ወይም በወር 65,000 ባህት ገቢ ያሳያል፤ ወይም ሁለቱን አዳምሮ በዓመት 800,000 ይሞላል። ጋሼ እንደ ብዙዎቹ 800,000ውን ለመንግሥት የሚከፈል አድርጎ ነበር የተረዳው። አይደለም። ገንዘቡ የራስ ነው፤ ወለዱም ትንሽ ቢሆን የራስ ነው። ለመንግሥት የሚከፈለው ለቪዛ ቅየራው 2,000፣ ለዓመቱ ማራዘሚያ 1,900 ባህት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከማርች 2019 ጀምሮ ግን ደንቡ ጠብቋል። ለማራዘሚያው ገንዘቡ ከማመልከቻው በፊት ሁለት ወር፣ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ከዚያ ወዲያ ባለው ጊዜ ከ400,000 በታች መውረድ አይችልም። የወር ገቢውም መንገድ ጠቧል። ቀድሞ ኤምባሲዎች የገቢ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች በ2018 መጨረሻና በ2019 መጀመሪያ አካባቢ ይህን አቁመዋል። ስለዚህ አሜሪካዊ ጡረተኛ በየወሩ ከውጭ የገባለትን ገንዘብ በባንክ መግለጫ ማሳየት ይጠበቅበታል። ገና ለመጣ ሰው የአሥራ ሁለት ወር መግለጫ ከየት ይምጣ? ለመጀመሪያው ዓመት ተቀማጩ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ "ተቀማጭ አያስፈልግም" የሚለው ጉዳይ አስፈጻሚ ምን ያደርጋል? አሠራሩ በታይላንድ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። በደንበኛው ስም ሒሳብ ይከፈታል። ጉዳይ አስፈጻሚው 800,000ውን ለአጭር ጊዜ ያስገባል፤ ባንኩ "በሒሳቡ ይህን ያህል አለ" ብሎ ይጽፋል፤ ደብዳቤው እንደወጣ ገንዘቡም ይወጣል። ሁለት ወር ያልቆየን ገንዘብ እንደቆየ አድርጎ የሚቀበል ሹም ከሌለ ይህ ነገር እንደማይሄድ ግልጽ ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ይህን ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ጋሼን ያስጨነቀው ጉቦው ነበር፤ እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ቀጣዩ ዓመት ነው። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ሦስት ወር መቆየት የነበረበት ገንዘብ በማግስቱ መውጣቱ የባንክ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ይቀራል። በዓመቱ "አሁንስ በራሴ ልሂድ" ቢል፣ ሹሙ መጀመሪያ የሚገልጠው ያንኑ ደብተር ነው። ስለዚህ ራሱ መሄድ አይችልም፤ ወደዚያው ሰው ይመለሳል፣ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ዋጋ ቢጨምርበት የሚከራከርበት መሠረት የለውም። ያ ሹም ቢዛወር ወይም ምርመራ ቢመጣ ደግሞ ማመልከቻው ላይ ያለው ስምና ፊርማ የጋሼ እንጂ የጉዳይ አስፈጻሚው አይደለም። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና ስንማር ተወካይ በሥልጣኑ ልክ የሠራው ወካዩ እንደሠራው ይቆጠራል ይባል ነበር። ታይላንድም ሲደርስ ይህ ሐሳብ አይገለበጥም።

ፈቃዱ ተሰርዞ ሳለ አገሩ ውስጥ የቆየ ሰው በቀን 500፣ እስከ 20,000 ባህት ይቀጣል። በራሱ ፈቃድ ሲወጣ ከ90 ቀን በላይ አሳልፎ ከተገኘ አንድ ዓመት መግባት ይከለከላል። ተይዞ ከሆነ ከዓመት በታች ያሳለፈ እንኳ የአምስት ዓመት እገዳ ይጠብቀዋል። ቤት ተከራይቶ፣ ዕቃ ገዝቶ፣ ሐኪም ለምዶ ለተቀመጠ ጡረተኛ ይህ ቀላል አይደለም።

ይህን ስል ጉዳይ አስፈጻሚ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። ወረፋ የሚይዝ፣ ቅጽ የሚሞላ፣ የታይ ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ደመወዙ ይገባዋል። በተለይ የባንክ ሒሳብ መክፈት ላይ ይጠቅማል። ባንኮች በቱሪስት ቪዛ ላለ ሰው ሒሳብ ለመክፈት ያመነታሉ፤ አንዱ ቅርንጫፍ "አይቻልም" ያለውን ሌላው ቅርንጫፍ ይከፍታል። የቱ እንደሚከፍት ማወቅ የእነሱ ሙያ ነው። ለጋሼ የነገርኩትም ይህንኑ ነው፦ "ለእግሩ ክፈለው፣ ገንዘቡን ግን የራስህን አስገባ።"

በመጨረሻ ውሉን ትቶ በራሱ ገባበት። ከአሜሪካ የጡረታ ቁጠባው ላይ አውጥቶ ገንዘቡን በዓለም አቀፍ ሐዋላ ላከ። ከውጭ መምጣቱ በባንክ ወረቀት ላይ መታየት ስላለበት በጥሬው ይዞ ገብቶ ማስገባት አያዋጣም። የቱሪስት ጊዜው ሊያልቅ 15 ቀን ሳይቀረው ማመልከት እንዳለበትም አጥርቶ ያውቅ ነበር። የያዘው ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ የባንክ ደብዳቤና በዚያው ሰሞን የታደሰ ደብተር፣ የኪራይ ውል፣ እንዲሁም አከራዩ እንግዳ ማሳደሩን ያስመዘገበበት "ቲ.ኤም. 30" የሚባል ደረሰኝ ነው። ሕጉ አከራዩ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ ብዙ አከራይ ይረሳዋል፤ የሚመለሰው ግን ተከራዩ ነው። ጋሼም በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶበታል። ባለትዳር ቢሆን ኖሮ ሌላም ነገር ነበር። የእኛ ሚስቶች የባል ስም ስለማይወስዱ የጋብቻ ማስረጃው ተተርጉሞና ተረጋግጦ ካልቀረበ ሹሙ "እንዴት ባልና ሚስት ሆናችሁ?" ማለቱ አይቀርም።

ማራዘሚያውን ያገኘ ሰው በየ90 ቀኑ አድራሻውን ያሳውቃል፤ ክፍያ የለውም፣ ማርፈድ ግን 2,000 ባህት ያስቀጣል። ግብርም አለ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ የሚኖር ሰው ከውጭ የሚያስገባው ገቢ በግብር ዓይን ይታያል። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ በሁለቱ አገሮች ስምምነት ለአሜሪካ የተተወ ቢሆንም፣ የሌላ አገር ጡረታ ያለው ሰው የየራሱን ስምምነት ይመልከት።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህን ማሰብስ? ዜግነቱ በራሱ አይከለክልም። ቋጠሮው ያለው እዚሁ ነው፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም ለጡረታ ኑሮ ተብሎ 800,000 ባህት ወደ ውጭ ባንክ መላክ እንደፈለጉ የሚደረግ ነገር አልሆነም።

ጋሼ ማኅተሙ በተመታለት በአምስተኛው ወር ታላቅ ወንድሙ አዲስ አበባ አረፈ። መርዶውን በስልክ ሰምቶ በዚያው ሌሊት በአየር መንገዳችን መጣ። ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ "የመመለሻ ፈቃዱን አውጥተሃል አይደል?" አልኩት። ዝም አለኝ። ከታይላንድ ለመውጣት ያሰበ ባለ ማራዘሚያ አስቀድሞ፣ ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለተደጋጋሚ ጉዞ 3,800 ባህት ከፍሎ ይህን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ካላወጣ ድንበሩን በተሻገረበት ሰዓት የዓመቱ ፈቃድ ያበቃል። ባንኮክ ኤርፖርት ውስጥ እንኳ የሚሰጥበት መስኮት ነበር፤ በዚያ ሌሊት መስኮት የሚያይ ዓይን አልነበረውም።

ሰልስቱን አሳልፎ ሲመለስ በቱሪስትነት ገብቶ ከዜሮ ጀመረ። ገንዘቡ በራሱ ስም፣ ደብተሩ ንጹሕ ስለነበር ቀይረውለታል። በዚህኛው ዙር ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሯል፤ ወረፋ የሚይዝለትና ከጉዞ በፊት ደውሎ "የመመለሻ ፈቃድ አወጡ?" የሚለው። ለዚህ የሚከፍለውን ነግሮኛል፤ ያ የመጀመሪያው ውል ከጠየቀው ሩቡን አይሞላም።