ካክተስን በመትከያ ዕቃ ማሳደግ

ካክተስ በግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያከማች፣ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ እሾሃማ የሆኑ ተክል ነው። በመትከያ ዕቃ ሲያድግ ከውሃ ጥም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚገድለው የሥር መበስበስ ነው። ስለዚህ አዲስ ለተገዛ ወይም በስጦታ ለተገኘ ካክተስ የሚመረጡት አፈርና መትከያ ውሃን ቶሎ የሚያሳልፉና ለሥሩ አየር የሚያደርሱ ሊሆኑ ይገባል።

ካክተስና ቁልቋል

በአማርኛ «ቁልቋል» የሚለው ስም በተለምዶ ለሁለት የተለያዩ የዕፅዋት ቤተሰቦች ያገለግላል። የኢትዮጵያ ነባር ቁልቋል ኢዩፎርቢያ ከተባለው ወገን ሲሆን፣ ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ይህም ፈሳሽ ቆዳንና ዓይንን ይጎዳል። ካክተስ ግን ካክታሴ በተባለው ቤተሰብ ይመደባል፤ እሾሁም የሚበቅለው አሪዮል ከምትባል ትንሽ ጸጉራም ጉብታ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከ1,500 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ የትውልድ ቦታቸውም የአሜሪካ አህጉሮች ናቸው። ከእነዚህ ውጭ በአፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በስሪላንካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ሪፕሳሊስ ባክሲፌራ ብቻ ነው። በትግራይ በብዛት የሚገኘው በለስ ከሜክሲኮ የመጣ እውነተኛ ካክተስ ነው።

የሥሩ ጠባይ

የብዙ በረሃማ ካክተሶች ሥር ጥልቀት የለውም፤ አጭር ዝናብ ሲጥል ውሃውን ቶሎ ለመሰብሰብ ከመሬቱ ገጽ ሥር ወደ ጎን ይዘረጋል። ከዝናቡ በኋላ አሸዋማውና ጠጠራማው መሬት ፈጥኖ ይደርቃል። በመትከያ ውስጥ ግን አፈሩ ለረጅም ጊዜ እንደራሰ ከቆየ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ይሞላል፤ ሥሩም ኦክስጅን ያጣል። የደከመውን ሥር ፈንገስና ፈንገስ መሰል ተሕዋስያን ያጠቁታል፤ ብስባሴውም ወደ ግንዱ ይወጣል። የግንዱ ሥረ መሠረት ሲለሰልስ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥር ሰዷል።

የአፈር ምርጫ

በመሸጫ ቦታዎች ካክተስ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከረግረግ ቦታ በሚወጣ ፒት በተባለ ብስባሽ ውስጥ ነው። ፒት ሲርስ ውሃን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ፈጽሞ ሲደርቅ ደግሞ ውሃ አልቀበል ስለሚል ውሃው በዳር በኩል ሾልኮ ይወርዳል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የተለመደው መረሬ አፈርም ሲርስ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ አይስማማም።

ለአብዛኞቹ ካክተሶች የሚሆን ድብልቅ ቢያንስ ግማሹ ማዕድናዊ ሊሆን ይገባል፦

• ጠጠርና ሻካራ አሸዋ፦ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚደርስ ቅንጣት ይመረጣል። ደቃቅ አሸዋ ክፍተቶቹን ስለሚደፍን፣ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ደግሞ ጨው ስለሚኖረው አይመከሩም።
• የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፦ ፑሚስና ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀዳዳ ስላላቸው አየርም እርጥበትም ይይዛሉ። በኢትዮጵያ ፑሚስ ለብሎኬት መሥሪያ ስለሚያገለግል በግንባታ ዕቃ ገበያ ይታወቃል። አቧራው በወንፊት ተነፍቶ ወይም ታጥቦ ሊወጣ ይገባል።
• ኮምፖስት ወይም ለም አፈር፦ ለምግብነት ይጨመራል። ያልበሰለ ፍግ ሥርን ያቃጥላል።

ድብልቁ ጥሩ መሆኑ በቀላሉ ይታወቃል፦ እርጥቡን በእጅ ጨብጠው ሲለቁት ይበተናል፤ በመትከያ ውስጥ ሲጠጣም ትርፉ ውሃ ወዲያው ከታች ይወጣል።

የመትከያ ዕቃ

ዋናው መስፈርት ከታች ቀዳዳ መኖሩ ነው። ያልተቀባ የሸክላ መትከያ በግድግዳው በኩልም እርጥበት ስለሚያስወጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ውሃ ለሚያበዛ ሰው ይመቻል። ፕላስቲክ ግን እርጥበትን አቆይቶ ስለሚይዝ ውሃ የማጠጫው ጊዜ መራቅ አለበት። ስፋቱ ከተክሉ ወርድ በ2 ወይም በ3 ሴንቲሜትር ቢበልጥ ይበቃል፤ በጣም ሰፊ በሆነ መትከያ ውስጥ ሥር ያልደረሰበት አፈር እርጥብ እንደሆነ ይቆያል።

ከታች ጠጠር መደልደል ውሃውን ያወርዳል የሚለው ልማድ የተስፋፋ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ከጠገበ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ እርጥቡን ንብርብር ወደ ሥሩ ያቀርበዋል።

አዛውሮ መትከል

አዲሱ ተክል በመጀመሪያ ለ2 ሳምንት ያህል ከሌሎች ተለይቶ ይቀመጣል፤ በእሾሆቹ መካከል ጥጥ የመሰሉ ነጭ ነፍሳት መኖር አለመኖራቸውም ይታያል። የማዛወሩ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

1. አፈሩ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ተክሉም በታጠፈ ጋዜጣ ወይም በወፍራም ጓንት ተይዞ ይነቀላል።
2. አሮጌው አፈር በቀስታ ይራገፋል። ጤነኛ ሥር ጠንካራ ነው፤ ጠቁሮ የለሰለሰው በንጹሕ ቢላ ይቆረጣል።
3. ብዙ ሥር ከተቆረጠ ቁስሉ እስኪደርቅ ተክሉ ለጥቂት ቀናት በጥላ ይቀመጣል።
4. ተክሉ ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ይተከላል። ግንዱ ጠልቆ ከተቀበረ ሊበሰብስ ይችላል።
5. የተጎዱት ሥሮች እንዲድኑ ለ1 ሳምንት ያህል ውሃ አይሰጠውም። ከዚያም በደንብ ይጠጣል፤ አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ ግን አይደገምም።

በደጋማ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ክረምቱ ቀዝቃዛና ዝናባማ ስለሆነ በደረቁ ወራት ማዛወር ይሻላል። በክረምት ደጅ የሚቀመጥ መትከያ ዝናብ በማያገኘው ክፈፍ ሥር ቢሆን ይመረጣል።

የጫካ ካክተሶች

ሁሉም ካክተስ የበረሃ ተክል አይደለም። ሽሉምበርጌራና ኤፒፊለም በደን ውስጥ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚበቅሉ ብስባሽ የበዛበትና የዛፍ ቅርፊት ያለው ለስላሳ ድብልቅ፣ ከበረሃዎቹም የበለጠ ውሃና ጥላ ይፈልጋሉ። ለእነሱም ቢሆን ውሃ የሚያቁር መትከያ አይስማማም።