ነጋዴው እንደራሴ ቤንጃሚን ተርነር በ1872 ኅትመት ላይ

ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ላይ የታተመ ሥዕል)፣ ወረቀት
አሳታሚ፦ ከሪየርና አይቭስ፣ ኒው ዮርክ፣ 1872 እ.ኤ.አ.

ሥዕሉ በ41ኛውና በ42ኛው የአሜሪካ ኮንግረስ የነበሩትን የመጀመሪያዎቹን ጥቁር እንደራሴዎች፣ አንድ ሴናተርና ስድስት የምክር ቤት አባላትን፣ በአንድነት ያሳያል። ስማቸውና የመጡበት ግዛት ከግርጌ ታትሟል። ከተቀመጡት መካከል ከግራ ሁለተኛው የአላባማው ቤንጃሚን ተርነር ነው።

ተርነር በ1825 በሰሜን ካሮላይና በባርነት ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አላባማ ተወሰደ፤ ካደገ በኋላ በሴልማ ከተማ የጌታውን ሆቴልና የፈረስ ጋጣ ያስተዳድር ነበር። በዚያው በባርነት ሳለ ከሚያገኘው ገንዘብ ጥሪት ቋጠረ። በ1865 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ፈረሰኛ ጦር ሴልማን ሲያወድም ግን ብዙ ንብረት አጣ። ከነፃነት በኋላ በንግድና በእርሻ እንደገና ተቋቋመ። በ1870 ለምርጫ ሲወዳደር የዘመቻውን ወጪ የሸፈነው ፈረሱን ሸጦ ነው። አሸንፎም የአላባማ የመጀመሪያው ጥቁር የኮንግረስ አባል ሆነ።

ነጋዴነቱ በምክር ቤትም አልተለየውም፤ ከጥጥ ላይ የተሰበሰበው ግብር እንዲመለስ ተከራክሯል። ሐሳቡ ግን ተቀባይነት አላገኘም።

በሥዕሉ ላይ ከኋላ ከቆሙት አንዱ፣ የጆርጂያው ጄፈርሰን ሎንግ፣ ልብስ ሰፊ ነበር። በስተቀኝ በኩል ከተቀመጡት መካከል የደቡብ ካሮላይናው ጆሴፍ ሬይኒ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ነበር።

እንዲህ ያሉ ኅትመቶች በርካሽ ዋጋ የሚሸጡና በቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ነበሩ። ይህኛው በታተመበት ዓመት በተካሄደው ምርጫ የጥቁሮች ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ ተርነር ተሸነፈ። በ1894 በሴልማ አቅራቢያ አረፈ።